ኤልኢዲ ለኮራል አኳሪየም፦ መብራቱን ራሳችሁ ለምትሰሩ

የዚህ እትም ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ለማሳደግ የሚሆን መብራት በገዛ እጅ መስራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። እኔ ከኤሌክትሮኒክስ ጥገና ወደ አኳሪየም የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ስቀበል ደስ ይለኛል። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን በሰፊው እመልሳለሁ፤ የቀሩትም ብዙዎቹ ከእሱ ጋር ይገናኛሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45፣ ጥልቀቱም 45 ሳንቲሜትር የሆነ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ዓሦቹ ደህና ናቸው። አሁን ኮራል ላስገባ ስለሆነ መብራቱን ራሴ ልሰራ ነው። 12 ሰማያዊና 12 ነጭ፣ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲዎች ገዝቻለሁ። ጓደኛዬ «ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ላይ ሦስት ሦስቱን ከአንድ ሬዚስተር (ከረንትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን፣ ከሚገታ ትንሽ እቃ) ጋር እያሰርክ ደርድራቸው፣ በቃ» ይለኛል። እውነት ይበቃል? በጠቅላላስ ስንት ዋት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዋቱ ልጀምር። ዋት የሚነግርህ መብራትህ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነው። ኮራሉ የሚያገኘው ግን እሱ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ የሚደርሰውን ብርሃን ብቻ ነው። ከላይ 100 ዋት አብርተህ ግማሹ በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ ከፈሰሰ ያ ግማሽ ለኮራሉ ምንም አልጠቀመውም። ስለዚህ ስሌቱን ከታች፣ ከኮራሉ ጀምር።

ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ይዞ ይኖራል። አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ይሰራሉ፤ ከሰሩትም ብዙውን ለኮራሉ ያካፍሉታል። መብራት የምንሰራው ለእነሱ ነው። የሚጠቀሙበትን ብርሃን የምንለካበት መለኪያ ፓር ይባላል። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚያርፈውን ብርሃን በማይክሮሞል ይቆጥራል። ለስላሶቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ባለው ፓር ተመችቷቸው ያድጋሉ። እንደ ሀመር ያሉት ትልልቅ ፖሊፕ (አፉ ያለበት ለስላሳ አካል) ያላቸው ጠንካራ ኮራሎችም ከዚያ ብዙ አይርቁም። አክሮፖራ የሚባለው ጠንካራ ኮራል ግን 200 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ 300ን አልፎም የሚስማማው አለ።

እንግዲህ መጀመሪያ ምን ልታሳድግ እንደሆነ ወስን። ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም። ጀማሪ ከሆንክ ምክሬ ለስላሳዎቹንና ሀመሩን ነው፤ ያሉህ 24 ኤልኢዲዎች ለእነሱ ይበቃሉ። በዚያ ስፋት ላይ አክሮፖራን ዳር እስከ ዳር ለማሳደግ ግን አይበቁም፤ ሌላ ያንኑ የሚያህል መጨመር ይኖርብሃል።

አሁን ወደ ቀለሙ። 12 ነጭ ይበዛል። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይወርዳል። ኮራሎች በተፈጥሮ የሚኖሩት በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ነው። በአልጌዎቹ ውስጥ ያለው ክሎሮፊልም ከ430 እስከ 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን በደንብ ይቀበላል። ስለዚህ የገዛሃቸው 12 ሰማያዊዎች ከ445 እስከ 455 ናኖሜትር ያሉት፣ ሮያል ብሉ የሚባሉት መሆናቸውን አረጋግጥ። እነሱ የመብራትህ ዋና ናቸው። ከነጮቹ ስድስቱን ብቻ ተጠቀም። ስድስቱን ለመለዋወጫ አስቀምጥና በእነሱ ቦታ ሦስት 470 ናኖሜትር የሆኑ ሰማያዊና ሦስት 420 አካባቢ የሆኑ ቫዮሌት አስገባ። የኮራሎቹን አረንጓዴና ብርቱካናማ ፍካት የሚያወጡት እነዚህ አጫጭር ሞገዶች ናቸው። ነጩ በአብዛኛው ለእኛ ዓይን ነው፤ ዓሦቹ ተፈጥሯዊ ቀለማቸውን እንዲያሳዩ።

የጓደኛህን ሐሳብ እንመልከት። የአንዱ ኤልኢዲ ቮልቴጅ 3.2 አካባቢ ነው። ሦስቱ 9.6 ቮልት ይወስዳሉ። የቀረው 2.4 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ይወድቃል። 700 ሚሊአምፒር እንዲያልፍ 3.4 ኦም ያስፈልግሃል። ወረቀት ላይ ይሰራል። ችግሩ የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ኤልኢዲ ሲሞቅ ቮልቴጁ ይቀንሳል። እያንዳንዱ 0.1 ቮልት ብቻ ቢቀንስ ሬዚስተሩ ላይ 2.7 ቮልት ይደርሳል፣ ከረንቱም ወደ 790 ሚሊአምፒር ይወጣል። ከረንቱ ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል፤ ይበልጥ ሲሞቅ ከረንቱ እንደገና ይጨምራል። ሬዚስተሩ ትንሽ ይገታዋል እንጂ አያቆመውም። በዚያ ላይ ስምንቱ ሬዚስተሮች በድምሩ ከ13 ዋት በላይ በከንቱ ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። በቀን ለረዥም ሰዓት ለሚበራ መብራት ይህን አልመክርም። ለሕይወት ያለው ነገር ከስሩ አለና።

የሚያስፈልግህ ከረንቱን ራሱ የሚጠብቅ ድራይቨር ነው። ኤልኢዲው ሞቀም ቀዘቀዘም የተመደበለትን ያህል ብቻ ያሳልፋል። በእጅ የሚሰሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀው የሚን ዌል ኤልዲዲ-ኤች የሚባለው ትንሽዬ ድራይቨር ነው። ከ9 እስከ 56 ቮልት ዲሲ ይቀበላል። ቮልት ቀንሶ የሚሰራ ስለሆነ ፓወር ሰፕላዩ ምንጊዜም ከኤልኢዲዎቹ ድምር ቢያንስ በሦስት ቮልት መብለጥ አለበት።

እኔ ብሆን እንዲህ አስራቸው ነበር። 12ቱን ሮያል ብሉ በአንድ መስመር፣ በሲሪስ (አንዱን ከሌላው ጋር በተከታታይ በማሰር)፣ በባለ 700 ሚሊአምፒሩ ድራይቨር። ድምራቸው 38.4 ቮልት ነው። ስድስቱን ነጭ በሌላ 700። ሦስቱን ቫዮሌትና ሦስቱን 470 አንድ ላይ፣ በባለ 500 ሚሊአምፒሩ። በሲሪስ መስመር ውስጥ ሁሉም የሚያገኙት ከረንት አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ መስመሩ የሚለካው በደካማው ነው። ብዙ የቫዮሌት ኤልኢዲዎች ደግሞ 700 አይችሉም። ሦስቱንም ድራይቨሮች አንድ ባለ 48 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ይመግባቸዋል። ኤልኢዲዎቹ በሙሉ ኃይል 50 ዋት አካባቢ ይወስዳሉ፤ 75 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ ሳይጨነቅ ይሸከማቸዋል። እንዳልኩህ፣ ዋቱ የመጣው በመጨረሻ ነው።

ሦስት መስመር መሆኑ ቀለሙን ለየብቻ እንድታስተካክል ያስችልሃል። ድራይቨሩ ዲም የሚደረገው (ብርሃኑ ዝቅ የሚለው) በፒደብሊውኤም፣ ማለትም በፍጥነት እየበራ በሚጠፋ ሲግናል ነው፤ ከ100 እስከ 1000 ኸርትዝ ይቀበላል። የአርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) ሲግናል 490 ኸርትዝ አካባቢ ስለሆነ ያለ ምንም ተጨማሪ ይግባባሉ። የአርዱዊኖው ግራውንድና የድራይቨሩ ኔጌቲቭ መግቢያ መገናኘታቸውን ብቻ አትርሳ። ሰዓት ቆጣሪ ሞጁል ስትገዛም ባትሪ ያለው ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠዋቱን ከእኩለ ሌሊት ጋር እንዳያምታታው።

እዚህ ላይ በጣም የምጠነቀቅለት ነገር አለ። የዚህ ድራይቨር የዲሚንግ እግር ምንም ካልተገናኘበት መብራቱ በሙሉ ኃይል ይበራል። ማለትም ያ ቀጭን ገመድ ቢላቀቅ በ40 በመቶ የኖረ ኮራል በአንዴ 100 በመቶ ይወርድበታል። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ቀኑን ሙሉ ይቃጠላል። ስለዚህ እዚያ ገመድ ላይ በሶልደር ብቻ አትተማመን፤ በብሎን የሚጠብቅ ተርሚናል ተጠቀም፣ ገመዱንም እንዳይወዛወዝ እሰረው።

ሙቀቱ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ኤልኢዲ አይሞቅም የሚባለው ስህተት ነው። ወደ ፊት የሚረጨው ብርሃን አያቃጥል ይሆናል፤ ከኤሌክትሪኩ ግማሽ የሚጠጋው ግን በጀርባው በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መውጫ ካላገኘ መጀመሪያ ብርሃኑ ይደክማል፣ ቀጥሎ ይሞታል። ክንፍ ክንፍ ያለው ወፍራም አሉሚኒየም ሂትሲንክ ያስፈልግሃል። ለአንተ አኳሪየም 70 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቢሆን ብርሃኑንም ዳር ድረስ ያዳርስልሃል። ኤልኢዲዎቹን በሙቀት ማጣበቂያ መለጠፍ ይቻላል። እኔ ግን በስስ ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) እና በብሎን ማሰርን እመርጣለሁ። የተለጠፈ ሲበላሽ መንቀሉ መከራ ነው። በብሎኑ ስር የፕላስቲክ ወሸር አድርግ፤ የብሎኑ ራስ የሶልደሩን ነጥብ ከአሉሚኒየሙ ጋር እንዳያገናኝ።

ኤሌክትሪክ ከመስደድህ በፊት ቴስተርህን አንሳ። በእያንዳንዱ ኤልኢዲ እግርና በአሉሚኒየሙ መካከል ለካ። ጢጥ ካለ አንድ ቦታ ነክቷል ማለት ነው፤ ሳታገኘው አትለፍ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩንም መርምር። በሲሪስ መስመር አንዱ ከተገለበጠ ሁሉም አይበሩም። ድራይቨሩ በርቶ ሳለ ደግሞ የኤልኢዲ ገመድ አትሰካ፣ አትንቀል። ያለ ጭነት የቆየ ድራይቨር ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ በዚያ ላይ ኤልኢዲ ስትሰካ በአንድ ጊዜ ይመታዋል። ሁሉ ነገር ተገናኝቶ ሲያልቅ አብራውና አንድ ሰዓት ጠብቅ። ሂትሲንኩ ላይ መዳፍህን አሳርፈህ መቆየት ካቃተህ አነስተኛ ማራገቢያ ጨምርለት።

ከስሩ ያለው የጨው ውሃ ነው። ጨው ከውሃው ጋር ተረጭቶ የትም ይደርሳል፤ መዳቡን ይበላዋል። ኤልኢዲዎቹ ፊት ላይ ንጹህ አክሪሊክ ግጠም፣ በየጊዜውም ጥረገው። የጨው ሽፋን ራሱ ብርሃን ይሰርቃል። 48 ቮልቱ ፓወር ሰፕላይ ከአኳሪየሙ በላይ አይቀመጥ። ራቅ ያለ ቦታ፣ ሽፋን ባለው ሳጥን ውስጥ ይሁን። ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ገመድ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ይመለስ፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢመጣ እዚያ ዝቅታው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። አሉሚኒየሙን ከኧርዝ ጋር አገናኝ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም ይኑርህ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። በዚያ ውሃ ውስጥ የሚገባው የአንተ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ቀድሞ ቲ5 ፍሎረሰንት ነበር የምጠቀመው። ባለፈው ወር በኤልኢዲ ቀየርኩት፤ ወንድሜ ነው የሰራልኝ፣ አብዛኛው ሰማያዊ ነው። በስልኬ ሉክስ ስለካ ከድሮው ከግማሽ በታች ሆነብኝ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከፍ አደረግሁት። አሁን ሀመሩ ተሸማቆ እየነጣ ነው። ብርሃን አንሶት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አላነሰውም፤ በዝቶበታል። አሁኑኑ ዝቅ አድርጊለት፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቢ።

ሉክስ የተሰራው ለሰው ዓይን ነው። ዓይናችን በጣም የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው። ሉክስ መለኪያም ለዚያ ያደላል። ለ450 ናኖሜትሩ ሰማያዊ የሚሰጠው ክብደት ከአረንጓዴው 4 በመቶ ብቻ ነው። አልጌው ግን ያንን ሰማያዊ አሳምሮ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ስልክሽ «ትንሽ ነው» ሲልሽ ኮራሉ ተጥለቅልቆ ሊሆን ይችላል። የፀሐይ ብርሃን ሉክስን ለ54 አካፍሎ ፓር የማግኘት ዘዴ አለ፤ ለፀሐይ ጥሩ ነው፣ ለሰማያዊ ኤልኢዲ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ትክክለኛው መሣሪያ ውሃ ውስጥ የሚገባ የፓር መለኪያ ነው። ውድ ስለሆነ መግዛት አይጠበቅብሽም። ኮራል ከሚያሳድግ ሰው ለአንድ ቀን ተዋሺው። ስትዋሺ ግን ለኤልኢዲ የሚሆን መሆኑን ጠይቂ። የቆዩት ሞዴሎች ሰማያዊውን አሳንሰው ነው የሚያነቡት።

ኮራል የሚነጣው አልጌዎቹን ሲያስወጣ ነው። ብርሃን ሲበዛባቸው አልጌዎቹ ለኮራሉ ጎጂ የሆኑ ነገሮች ማምረት ይጀምራሉ፤ እሱም ያባርራቸዋል። ብርሃን ቢያንሰው ኖሮ በአብዛኛው የምታዪው ተቃራኒውን ነበር። ያለችውን ብርሃን ለመያዝ አልጌውን ያበዛል፣ ቀለሙም ወደ ቡኒ ይሄዳል። መንጣት ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የውሃው ሙቀት ከፍ ማለት ዋነኛው ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩንም እዪው። ግን መብራት በተቀየረ በወሩ የመጣ መንጣት ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው መብራቱን ነው።

የምታደርጊው ይኸው ነው። ሁሉንም መስመር 30 በመቶ ላይ አውርጂው። ዲመር ከሌለው መብራቱን ወደ ላይ ስቀይው፣ የሚበራበትንም ሰዓት አሳጥሪው። ሀመሩን ከቦታ ቦታ አታዘዋውሪው። የነጣ ኮራል ወዲያው ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሥጋው እስካለ ድረስ አልጌው ሊመለስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የራሱ አልጌ ስለማይመግበው ደቀቅ ያለ ምግብ በትንሽ በትንሹ ስጪው። ቀለሙ መመለስ ሲጀምር በሳምንት 5 በመቶ ያህል ብቻ እየጨመርሽ ሂጂ። ቀኑን ሙሉ ዘርግቶ የሚውልበት ደረጃ ላይ ስትደርሺ አቁሚ። 100 መድረስ ግዴታ አይደለም። ደህና ሆኖ የተሰራ መብራት አቅም ይተርፈዋል፤ የወንድምሽ ሥራም ጥሩ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ቀይ ኤልኢዲ ይጨመር የሚሉ አሉ፤ አይ አልጌ ያመጣል የሚሉም አሉ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ለኮራሉ ብለህ ከሆነ ቀይ አያስፈልግህም። ነጩ ኤልኢዲ ራሱ ሰማያዊ ቺፕ ላይ ቢጫ ፎስፈር (ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ሌላ ቀለም የሚለውጥ ዱቄት) የተቀባ ነው፤ ከውስጡ ትንሽ ቀይ ይወጣል፣ እሱ ይበቃል። ቀይ ዓሣ ካለህና ደብዝዞ ከታየህ አንድ ሁለት ብትጨምር ግን ምንም አይደለም። የቀይ ኤልኢዲ ቮልቴጅ ከሰማያዊው ያነሰ፣ 2.2 አካባቢ መሆኑን በስሌትህ አስገባ።

መስታወትና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አልጌ በተመለከተ ግን መብራቱን አስቀድመህ አትክሰስ። ናይትሬትና ፎስፌት ለካ። ምግብ ሲበዛና ውሃ ሳይቀየር ሲቆይ አልጌ በየትኛውም ቀለም ስር ይበቅላል።

ደግሞም ይህን ሁሉ ቀለም የምንመርጠው ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ ስለተገኘ ነው። ቀይና አረንጓዴው ቀድመው ነበሩ፤ ሰማያዊው ለረዥም ዓመታት ተመራማሪዎችን አስቸገረ። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ነገሩን ፈቱት፤ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ነው። ነጩ ኤልኢዲም የመጣው ከሰማያዊው ነው። ኮራል የምናሳድግ ሰዎች ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ምስጋና አለብን። ከዚያ በፊት ባለ 250 እና ባለ 400 ዋት ሜታል ሃላይድ የሚባል፣ በጣም የሚሞቅ አምፖል ነበር የሚሰቀለው፤ ውሃውን ለማቀዝቀዝ ሌላ ማሽን መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ጥያቄ፦ መብራቱን ስሰራና ስሞክር ዓይኔን ያመኛል። ሌንስ ስገጥምበት ባሰ። የተለመደ ነው?

መልስ፦ የተለመደ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሰማያዊና ቫዮሌት ኤልኢዲ ለዓይን ደብዘዝ ያለ ስለሚመስል ሰው አፍጥጦ ያየዋል፤ የሚገባው ኃይል ግን ብዙ ነው። ሌንስ ደግሞ ያንኑ ብርሃን ጠበብ ወዳለ ቦታ ይሰበስበዋል። ባዶው ኤልኢዲ በ120 ዲግሪ የሚበትነውን ባለ 60 ዲግሪ ሌንስ መሃል ላይ ያከማቸዋል።

ስትሞክር ዝቅ ባለ ኃይል፣ 5 ወይም 10 በመቶ ላይ አብራ። ፊቱን ወደ ታች፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ የወረቀቱን ነጸብራቅ ተመልከት፤ የሞተ ካለ ከዚያ ላይ ይታወቅሃል። ሰማያዊ የሚያጣራ ብርቱካናማ መነጽር ግዛ። የኮራሎቹን ፍካት ለማየትም ይጠቅምሃል። ሌንሱን በተመለከተ፣ ጥልቀቱ ከ50 ሳንቲሜትር የማይበልጥ አኳሪየም ከሆነ ያለ ሌንስ ወይም በባለ 90 ዲግሪው ይበቃሃል። ሕመሙ ከሥራው በኋላም ከቀጠለ ግን ሥራውን አቁመህ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ።